ፊቱን የሸፈነው ተሸካሚ

መቆም የማይችል ሰው ነበረ። ዘገዬ ይባላል። ከእሱ እጀምራለሁ፤ ወደ አንቺ እስክመጣ ትንሽ ታገሺ።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም። አካል ጉዳተኞችን እንድትደግፊ የተመደብሽ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነሽ። አንዲት ማየት የተሳናት ሴት ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጥበትን ቦታ ወሰዱባት። አንቺ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሥተሽ ስለ እሷ ተናገርሽ። አዳራሹ አለቀሰ። ዘይትና ብርድ ልብስ ተሰጣት። ከዚያ ወዲህ በሯን አትከፍትልሽም። «እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?» ብለሽ ነው የመጣሽው። እንግዲህ ስሚ።

ዘገዬ እግሮቹ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አይታዘዙለትም። በእጆቹ እየተደገፈ ከቤት እስከ ደጅ፣ ከደጅ እስከ አጥር ይደርሳል፤ ከዚያ አያልፍም። የቀረው አካሉ ጤነኛ ነው። አፉማ ከሚገባው በላይ ጤነኛ ነው ይሉ ነበር የወንድሞቹ ሚስቶች። ደጅ ተቀምጦ አላፊውን ሁሉ ይተርባል። አዲስ በቅሎ ገዝቶ ሰው እንዲያይለት ጠዋት ማታ በሰፈሩ የሚመላለስ አንድ ጎረቤት ነበር። በቅሎዋ መንገዱን ለምዳዋለችና አንተ ቤት ብትቀር ብቻዋን ዞራ ትመጣለች አለው ዘገዬ። ሰውየው ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ።

በዚያ አገር አባት ሲሞት መሬቱ ለልጆቹ ይከፈላል። የእነ ዘገዬ አባት ሲሞት ሦስት ወንድማማቾች ቀሩ፤ ታላቅየው፣ መካከለኛውና እሱ። ከተዝካሩ በኋላ ሁለቱ ታላላቆች ተማከሩ። ክፉ ሰዎች ነበሩ ብልሽ ነገሩ ይቀልልሽ ነበር፤ አልነበሩም። ወንድማቸውን ይወዱታል። መሬት ለእሱ ምን ያደርግለታል፣ አያርስበት፣ አያርምበት፣ ዝንጀሮ አይጠብቅበት ተባባሉ። ድርሻውን እኛው አርሰን እሱን በተራ እናብላው አሉ፤ አንድ ወር ታላቅየው ዘንድ፣ አንድ ወር መካከለኛው ዘንድ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ መረቃቸው። ዘገዬን የጠየቀው የለም። የሚጠየቅ ነገር ያለ አልመሰላቸውም።

ወር ባለቀ ቁጥር ከነአጎዛው አንሥተው ወደ ሌላኛው ቤት ያሻግሩታል። ቤቶቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው አንድ አጥር ብቻ ነው። ምግብ አይጎድልበትም። ሰው ሁሉ ማሳ ሲወርድ እሱ ደጅ ሆኖ የአባቱን መሬት ከሩቅ ያያል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ አለቀና ጳጉሜን መጣች።

ወሮቹን ሲከፋፈሉ ጳጉሜን ማንም አላሰባትም ነበር። መካከለኛው ነሐሴ ሲያልቅ ተራዬ አለቀ ብሎ አጥሩን አሻግሮ አስቀመጠው። ታላቅየው ተራዬ መስከረም ሲጠባ ነው ብሎ ስላሰበ አልጠበቀውም፤ መምጣቱንም አላወቀም። የታላቅየው ሚስት አጥሩ ሥር ተቀምጦ ስታየው ነፋስ ሊቀበል የወጣ መሰላት። የመካከለኛው ሚስት በዚያኛው በኩል ስታየው እዚያ እየበላ ነው ብላ አለፈች። ዝናብ ነበር። ዘገዬም አልተጣራም። ስንት ሰው የተረበ አፍ «ራበኝ» የምትለዋን ቃል ሊያወጣ አልቻለም። ጎተራው ሥር እየተጠለለ ሰነበተ። በመጨረሻ ውኃ ልትቀዳ የወጣች ጎረቤት አይታው ጮኸች።

ወንድሞቹ ሲሰሙ አፈሩ። እውነተኛ እፍረት ነበር። ታላቅየው ጳጉሜን የኔ ትሁን አለ፤ መካከለኛው የለም የኔ ትሁን አለ። በዘገዬ ራስ ላይ ቆመው፣ ጳጉሜንን እኔ ልውሰድ እኔ ልውሰድ እያሉ ተከራከሩ። እሱ ከታች ሆኖ ሲሰማ ቆየና፣ «እኔን ከምትካፈሉኝ መሬቱን ብንካፈል አይሻልም?» አላቸው።

ሳቁ። ሁልጊዜ የሚቀልድ ሰው ነውና ቀልድ መሰላቸው። ዘገዬ ግን በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙት ላከባቸው።

ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡት ከወንዙ ማዶ፣ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ነው። እዚያ ለመድረስ እግር ያስፈልጋል። ከደረሱ በኋላ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በዚያ አገር ሰው የሚሟገተው ቆሞ ነው። ጋቢውን አደግድጎ በሽማግሌዎቹ ፊት ካልቆመ ቃሉ አይያዝለትም፤ ተቀምጦ ከተናገረ ጨዋታ ነው ይሉታል። ማንንም ለመጉዳት ብለው ያወጡት ሥርዓት አይደለም። ሥርዓቱ ሲወጣ መቆም የማይችል ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እንደ ጳጉሜን ማለት ነው።

በአገሩ አንድ ባለጸጋ ነበረ። የጳጉሜንን ወሬ ሰምቶ እራት ላይ አለቀሰ። በማግሥቱ ጀርባው ሰፊ፣ አንደበቱ የተባ ሰው አስጠርቶ ቀለብና ልብስ ቆረጠለትና፣ ከዛሬ ጀምሮ የዚያ ምስኪን እግር አንተ ነህ አለው። ሰውየው ደስ እያለው ሄደ። ሥራው መልካም ነው፣ እሱም መልካም ሰው ነው።

ተሸካሚው በመጀመሪያው ቀን ዘገዬን ጠበል ወሰደው። በሌላው ቀን ቤተ ክርስቲያን ወሰደው። በዓል ሲሆን የባለጸጋው ደጅ ወስዶ እንግዶቹ እንዲያዩት አስቀመጠው። ወዴት ልውሰድህ ብሎ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆት አያውቅም፤ ለዘገዬ የሚበጀው የት እንደሆነ ለእሱ ግልጽ ነበር። አንድ ቀን ዘገዬ ከጀርባው ላይ ሆኖ፣ «መልካም በቅሎ ነህ፤ የጎደለህ ልጓም ብቻ ነው» አለው። ተሸካሚው ከልቡ ስቆ ማታ ለባለጸጋው ነገረው። ባለጸጋውም ሳቀ። ምስኪኑ መጫወት ጀመረ፣ ልቡ እየተጽናና ነው አለ።

የሽማግሌዎቹ ቀን ደረሰ። ተሸካሚው ዘገዬን ወንዙን አሻግሮ፣ በሾላው ጥላ ጠርዝ ላይ አጎዛው ላይ አስቀመጠው። አንተ ዕረፍ፣ እኔ እቆምልሃለሁ አለው። አደግድጎ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ።

ጥሩ ተናጋሪ ነበር። ስለ አጥሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ጎተራው ሥር ስላለው ብርድ ተናገረ። እናቱ በሕይወት ብትኖርና ይህን ብታይ ኖሮ አለ። በመጨረሻ ወደ ዘገዬ ሄዶ ጋቢውን ገልጦ የቀጠኑትን እግሮቹን ለሰዉ አሳየ። ዳር ቆመው ያዩ የነበሩ ሴቶች አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ታላቅየው ራሱ እያነባ ተነሣና ጳጉሜን የኔ ናት፣ በየበዓሉ ሥጋ አበላዋለሁ፣ በየዓመቱ አዲስ ጋቢ አለብሰዋለሁ፣ መኝታውም ከምድጃው አጠገብ ይሆናል አለ። መካከለኛውም እኔም እንደዚያው አለ።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ቀና ብለው፣ «ትስማማለህ?» ሲሉ ጠየቁ። የጠየቁት ቆሞ ያገኙትን ሰው ነበር። ተሸካሚው ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ካሰበው በላይ አግኝቷል። «እሺ፣ በጄ» አለ።

ዘገዬ ከአጎዛው ላይ ቆዩ አለ። ነገር ግን ምርቃቱ ተጀምሮ ነበር፤ የተቀመጠ ሰው ቃልም አይያዝም።

ወደ ቤት ተመለሱ። ደጅ ሲደርሱ ዘገዬ አስቀምጠኝ፣ ነገ አትምጣ አለው። ተሸካሚው ግራ ገባው። ሥጋው፣ ጋቢው፣ የምድጃው ዳር፣ ሁሉንም ቆጠረለት። ከዚህ በላይ ምን ይናገር ነበር?

ዘገዬም፣ «እግሬን ተናገርህ» አለው። «እኔ መሬቱን ነበር የምናገረው።»

ተሸካሚው ተቀይሞ ሄደ። በየሄደበት ምስጋና ቢስ ነው እያለ አወራ። ባለጸጋውም አጽናናው፤ ችግር ሰውን ያመርረዋል፣ አንተ አትፍረድበት አለው። ሆኖም ቃሉ ከጆሮው አልወጣም። መስቀል አልፎ እህሉ ማሸት ሲጀምር ወደ ዘገዬ ደጅ ተመለሰ። ዘገዬ አዲሱን ጋቢ ለብሶ፣ ሥጋውን በልቶ፣ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ማሳውን እያየ ነበር። ተሸካሚው አጠገቡ ተቀመጠ። በኋላ ተሸካሚው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ወዴት ልውሰድህ?» ብሎ ጠየቀው።

«ወደ ሾላው።»

«ምን ልበል?»

«ምንም። ትቆማለህ።»

«መቆም ብቻ?»

«ሌላው የኔ ሥራ ነው» አለ ዘገዬ።

ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት ቀን መጡ። ወንድሞቹም ተጠሩ፤ ባለጸጋውም ያ ነገር ምን ጎደለው ብሎ መጣ። ተሸካሚው በዚህ ጊዜ ዘገዬን አላወረደውም። በጀርባው እንደ ተሸከመው መሟገቻው ቦታ ላይ ቆመ። ዘገዬ ከተሸካሚው ትከሻ በላይ ብቅ ብሎ ጋቢውን አደገደገ። እዚያ ከነበረው ሰው ሁሉ ከፍ ብሎ ይታያል።

ሰብሳቢው ተሸካሚውን እያዩ ተናገር አሉ። ተሸካሚው ዝም አለ። ከላዩ ዘገዬ ተናገረ። ባለፈው በተፈረደው እሺ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ስለዚህ ነገሩ ይታይልኝ አለ። ሰብሳቢው ሰውህ እሺ ብሏል እኮ ሲሉት፣ «እንግዲያው እሺ ያለው ሄዶ በተራ ይብላላቸው» አለ።

ከሴቶቹ መካከል ሳቅ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ግን ተጠራጠሩ። አንደኛው፣ ለመሆኑ ቆሟል ይባላል ወይ አለ። ሌላው እግር አለ፣ ቆሟል አለ። ያኛው እግሩ የሌላ ሰው ነው አለ። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው፣ እኔም የቆምኩት በምርኩዝ ከሆነ ቆይቷል፣ ቃሉ ይያዝለት አሉ።

ክርክሩ እንደ ተጀመረ ግን አንድ ነገር መጣ። ወንድሞቹ የሚናገሩት ለተሸካሚው ነበር። ፊታቸው ለፊት ያለው ፊት የእሱ ነውና እሱን እያዩ አንተ እንኳ ምከረው፣ አንተ እንኳ ንገረው ይላሉ። ሽማግሌዎቹም ሲጠይቁ ዓይናቸው ወደ ተሸካሚው ይሄዳል። ዘገዬ ከላይ ይመልሳል፤ እነሱ ከታች ተሸካሚውን ያያሉ። ተሸካሚውም ሲያዩት መልስ ያምረዋል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ታላቅየው፣ «እስቲ አንተ ፍረድ፤ ይህ ሰው በምኑ ያርሳል?» ሲለው፣ ተሸካሚው አፉን ከፈተ።

ከዚያ ዘጋው። የራሱን ጋቢ ከደረቱ ስቦ ተከናነበ፤ ፊቱንም ጨርሶ ሸፈነ።

ይህን ዘገዬ አላዘዘውም። ማንም አላዘዘውም።

ታላቅየው የሚያየው ፊት አጣ። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፤ በመጨረሻ ቀና ሲል ከወንድሙ ዓይን ጋር ተገጣጠመ። ዕድሜ ልኩን ወደ ታች ሲያየው የኖረ ሰው ነው፤ ከሥር ሆኖ አይቶት አያውቅም። ና ውረድና እንደ ወንድማማች እንነጋገር አለው። ዘገዬም፣ «ጋሼ፣ ከወረድኩማ አታነጋግሩኝም» አለው።

ከዚያ ለጥያቄው መልስ ሰጠ። ከማዶ ያለችው መበለት በምን ታርሳለች? መሬቷን ለሌላ የእኩል ሰጥታ የምርቱን ግማሽ ትበላለች፤ መሬቷን ግን የወሰደባት የለም። ቄሱም ያደርጉታል። ባለጸጋውስ? ወደ እሱ ዞሮ፣ ጌታዬ ሁለት ደህና እግር አለዎት፣ ማሳዎ ውስጥ ግን አይቼዎት አላውቅም አለ። በዚህ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሳቁ። ባለጸጋው አልሳቀም። ዘገዬ ስለ አጥሩ አልተናገረም፤ ስለ ዝናቡም አልተናገረም። የአባቱ ልጅ መሆኑን፣ ድርሻው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ የእኩል የሚያርስለት ሰው ማን እንደሆነ ተናገረ። ንግግሩ አጭር ነበር፤ ከሥሩ ያሉት ጉልበቶች መንቀጥቀጥ መጀመራቸውን ያውቃልና። ያለቀሰ ሰው አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። ድርሻውን ሰጡት፤ ጥሩውን ግን አልሰጡትም። ከላይ በኩል ያለው ድንጋያማው ደረሰው። ታላቅየው እንግዲህ መሬትህን ይዘሃል፣ የኔን ደጅ አትጠብቅ አለው። ሰብሳቢውም ትስማማለህ አሉ። አሁን የሚያዩት ወደ ላይ ነበር። ዘገዬ ድንጋዩንም፣ የወንድሙንም ፊት አሰበ፤ ጊዜ ወሰደበት። የተሸካሚው እግር ይንቀጠቀጣል፤ ቶሎ በል አላለውም።

«እሺ» አለ ዘገዬ።

የሆነው ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ሁሉ ነገር አማረ አልልሽም። የመጀመሪያው ዓመት ምርት የሳሳ ነበር፤ ዘገዬ በራሱ ትንሽ ጎጆ ሆኖ በወንድሞቹ ቤት ይበላ ከነበረው ያነሰ በላ፤ ሥጋም አላየም። ጳጉሜን ስትመጣ የመካከለኛው ሚስት አላስችል ብሏት በሰሃን ምግብ ላከችለት። በዚያ አገር ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ዘገዬ እስከዚያ ቀን ድረስ የማንንም ዕቃ መልሶ አያውቅም፤ የሚጨምርበት አልነበረውም፣ ከእሱ የሚጠብቅም ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ሰሃኗ ሽምብራ ተሞልታ ተመለሰች። ሴትየዋ ሽምብራውን እያየች ብዙ ቆማ ነበር አሉ። ከዚያ ለባሏ፣ ይሄ ወንድምህ ዘንድሮ ጥሩ ሽምብራ አግኝቷል አለችው፤ ስለ ማንኛውም ጎረቤት እንደሚወራ።

ተሸካሚውን ማንም አላመሰገነውም። ባለጸጋው፣ አንደበትህን አይቼ ቀጠርኩህ፣ አንተ ግን እንደ ግንድ ቆመህ ዋልክ ብሎ ቀለቡን አቋረጠበት። የመንደሩ ሰው ድዳው አለው። ሰውየው ሌላ ሥራ ያዘ፤ ሲመቸው ግን ወደ ዘገዬ ደጅ ይመጣል። ጎንበስ ከማለቱ በፊት ወዴት ብሎ ይጠይቃል። አንዳንድ ቀን ዘገዬ ወንዝ ማዶ ይለዋል፤ አንዳንድ ቀን ማሳው ይለዋል። አንዳንድ ቀን የትም፣ ዛሬ ከእኩል አራሼ ጋር ወሬ አለኝ ይለዋል። ያን ጊዜ ተሸካሚው ጀርባው ባዶ እንደሆነ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አሁን ወደ አንቺ መጣሁ፣ ልጄ። ያ ተሸካሚ አንቺ ነሽ።

አዳራሹ ያለቀሰው ጋቢውን ስለገለጥሽ ነው። ዓይኗን ተናገርሽ፤ እሷ የምትናገረው ቦታዋን ነበር። ሰው ሲያለቅስ የሚሰጠው ብርድ ልብስ ነው፤ አልቅሶ ቦታ የመለሰ አዳራሽ አላየሁም። ከዚያ ትስማማላችሁ ሲባል እሺ ያለው ማን ነው? አንቺ ነሽ። እሷ ከኋላሽ ወንበር ላይ ቆዩ ብላ ይሆናል፤ ጭብጨባው አላሰማሽም። በሯን ብትዘጋብሽ ምን ይደንቃል? ዘገዬም ነገ አትምጣ ነው ያለው።

ተሸካሚ አያስፈልግም አላልኩሽም። ያለዚያ ሰው ጀርባ ዘገዬ ወንዙን አይሻገርም ነበር፤ ሾላው ሥርም ማንም አያየውም ነበር። ሥርዓቱ ለቆሙት ብቻ እስከ ተሠራ ድረስ ጀርባ ያስፈልጋል። ስብሰባው የት እንደሆነ ማወቅ፣ እሷን እዚያ ማድረስ፣ ደረጃው ላይ ክንድሽን መስጠት፣ ጉልበትሽ እስኪንቀጠቀጥ አጠገቧ መቆም ያንቺ ሥራ ነው፤ ቀላልም አይደለም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሊቀመንበሩ እሷን ትቶ ወደ አንቺ እያየ ሲጠይቅሽ ነው። ያንቺ ፊት ይቀለዋልና ይጠይቅሻል። መልሱንም ታውቂዋለሽ፤ ምናልባት ከእሷ አሳምረሽ ትናገሪዋለሽ። ያን ጊዜ ነው ፊትሽን የምትሸፍኚው።

ማንም አያመሰግንሽም። የቀጠረሽ መሥሪያ ቤት በዓመቱ መጨረሻ ምን ሠራሽ ሲልሽ ቆምኩ ብትዪው አይገባውም። በብዙ አገር ኖሬያለሁ፤ ተሸካሚዎቹ ቢሮና ማዕረግ ባላቸው አገር እንኳ የሚሸለመው ጋቢ የሚገልጠው ነው። ይህን የነገርኩሽ ሥራውን እንድትተዪው አይደለም፤ ሽልማት እየጠበቅሽ እንዳትቆሚ ነው።

አሁን ሂጂና በሯን አንኳኪ። ከከፈተችልሽ ስለ ብርድ ልብሱ አታንሺ፤ ይቅርታውንም አታስረዝሚው። ወዴት ብለሽ ጠይቂያት። የትም ካለችሽ፣ ዛሬ ያንቺ ጀርባ አላስፈለጋትም ማለት ነው። ወደ ቤትሽ ተመለሺ፤ ነገም መጥተሽ ጠይቂያት።